የማክሰኝቱ ሰው ተራ

ከአምባ ጊዮርጊስ ገበያ ይዘውኝ ጎንደር ሲያደርሱኝ ቀትር ነበር። ያስገቡኝ ክፍል በንጉሡ ጊዜ የእህል መጋዘን ነበር፤ በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የነቀዘ ማሽላ ሽታ ነው። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ግድግዳውን ተደግፈው የተቀመጡ ሰዎች አየሁ። ሁሉም እግራቸውን ዘርግተዋል፤ ውስጥ እግራቸው ተገርፎ አብጧል።

ደርግ አጥብቆ የሚፈልገው አንድ ሰው ነበር፤ መንግሥትን የሚቃወመውን ወረቀት በማባዣ እያባዛ የበተነውን አስተማሪ። እኛ መሃል እንዳለ ያውቃሉ፤ የትኛችን እንደሆነ ግን አያውቁም። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ቢታወቅብኝ ስለምገደል ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ወር ገባ፣ ወር ወጣ። አንድ ቀን የማክሰኝት ከብት ነጋዴ ነኝ የሚል ሰው አመጡና ከጎኔ ተኛ። እግሩ ደህና ነው። እኛ ከምርመራ ስንመለስ ደም ደም እንሸታለን፤ እሱ ወጥ ወጥ ይሸታል። ጠንቋይ መጠየቅ አላስፈለገንም፤ ጆሮ ጠቢ ነው። እሱ ባለበት ሰው ስለ ዝናቡ እንኳ ማውራት ተወ።

ክፉ ዕድሌ ሆኖ ትኩሳት ጣለኝ። ስነቃ ፀሐይ በቆርቆሮው ቀዳዳ ገብታለች፤ ሰውየው በእርጥብ ጨርቅ ግንባሬን ይዟል።

«ስለ ማባዣው ብዙ አወራህ» አለኝ ቀስ ብሎ።

ወዲያው ለምርመራ ተጠርቶ ሲወጣ አለቀልኝ ብዬ ጸሎት ጀመርኩ።

ማታ ተመለሰ። በማግሥቱ ሚካኤል ነበር። መሃላችን የታሰሩ አንድ የአቋቋም መምህር ነበሩ፤ የኔታ እንላቸዋለን። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በየወሩ የሚካኤልን ማኅበር ያስጠጡን ነበር። ዳቦው ከቤት ከሚመጣልን ስንቅ የተረፈ ነው፤ ጽዋው የቲማቲም ጣሳ፣ ጠላው ውኃ። ሲያበቃ እንደ ደንቡ የሚቀጥለው ወር ተረኛ ጽዋውን ይረከባል።

«ማን ይውሰድ?» አሉ የኔታ።

መልስ አልጠበቁም። እያነከሱ ሄደው ጣሳውን ከማክሰኝቱ ሰው ፊት አኖሩት።

«ምነው የኔታ! ለእሱ?» አልኩ፤ አመለጠኝ።

«አንተ ዝም በል።»

ሰውየው ወደ ግድግዳው ሸሸ። «ይተዉኝ የኔታ። እኔ ማኅበርተኛ አይደለሁም።»

«ከዳቦው በላህ፣ ከውኃው ጠጣህ። ከዚህ ወዲያ ምን ቀረህ? የሚቀጥለው ሚካኤል ካንተ ቤት ነው።»

ተረኛን ከነጽዋው እስከ ቤቱ መሸኘት ደንብ ነው። የእሱ ቤት ከእኔ ጎን ያለችው ሰሌን ናት። በዚያ እግራችን ተነሥተን፣ በሹክሹክታ እየዘመርን ሸኘነው። እኔም ሸኘሁት፤ እየጠላሁት። ጣሳውን ታቅፎ ቁጭ ሲል የቀረው ውኃ ጭኑ ላይ ፈሰሰ።

ጠዋት ካድሬው መጥቶ ግቢው ውስጥ አሰለፈን። ውርጭ ነበር።

«በል አሳየን» አለው የማክሰኝቱን ሰው።

ከዳር ጀምሮ የያንዳንዳችንን ፊት እያየ መጣ። እኔ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። ዓይን ለዓይን ተያየን። ከዚያ አለፈኝና እስከ ጫፍ ሄዶ ዞረ።

«ከነዚህ ውስጥ የለም።»

«ከትናንት ወዲያ አግኝቼዋለሁ ብለህ አልነበር?»

«ተሳስቼ ነው።»

ካድሬው በጥፊ መታው። ጠባቂዎቹ ሊወስዱት ሲሉ ልብሴን ላምጣ ብሎ ለመነ። ገብቶ ሲወጣ ጣሳውን በነጠላው ጫፍ ወልውሎ ለየኔታ ሰጣቸው።

«ተራዬን የዘነጋሁ እንዳይመስላችሁ» አለ። «ካልመጣሁ ደግሱልኝ።»

አልመጣም። በሚቀጥለው ሚካኤል ስንቃችንን አዋጥተን ደገስንለት። የኔታ በዚያን ቀን ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም። ጠባቂው በሩን በሰደፍ ቢደበድብም ስሙን ጠርተው፣ ባርከው እስኪጨርሱ አላቋረጡም።

ዛሬም ጎንደር ውስጥ የሚካኤል ማኅበር እጠጣለሁ። ተራዬ ደርሶ ከደገስኩ በኋላ ጽዋውን ለሌላ አላስረክብም፤ አንድ ወር እጨምራለሁ። ማኅበርተኞቼ ለምደውኛል። ባለቤቴ ግን ጋን እያጠበች ትነዘንዘኛለች።

«ባለፈውም እኛ ነበርን እኮ!»

«ያ የእኛ ነው» እላታለሁ። «ይሄኛው የማክሰኝቱ ሰው ነው።»