የእትዬ መርፌ ኪሶች

እትዬ መርፌ ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመታቸው ነው። ልባቸው ግን ዛሬም ከሆስፒታሉ ደረጃ ሥር ካለችው ጠባብ ክፍል አልወጣም። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ አንሶላ የጣፉት፣ የበሽተኛ ልብስ የሰፉት እዚያ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው ነርሶቹ ናቸው። ሕፃናት ክፍል ሲደርሱ ታዲያ ስሙ ጣጣ ነበረው፤ «እትዬ መርፌ መጡ!» ሲባል ልጆቹ የሚወጉ መስሏቸው ብርድ ልብስ ውስጥ ጥልቅ ይላሉ።

አንድ ቀን እግሯ ተሰብሮ የተኛች የስድስት ዓመት ልጅ፣ የሆስፒታሉን ልብስ አልለብስም ብላ ክፍሉን በለቅሶ አናወጠችው። እናቷ አራስ ልጅ ቤት ትታ ስለመጣች ተመልሳ ሄዳለች። ነርሷ ሲጨንቃት፣ ልብሱ ጠቧት ይሆናል ብላ እትዬ መርፌን አስጠራች።

«ምኑ ነው ያልተስማማሽ፣ የኔ እናት?»

«አልወጋም!»

«የኔ መርፌ ጨርቅ እንጂ ሰው አይወጋም። ይኸው፣ እይው።»

ልጅቷ መርፌውን በጥርጣሬ አየችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ኪስ የለውም» አለች። «የእማዬን የት ላስቀምጠው?» የጨበጠችውን እጇን ስትፈታ የእናቷ የፀጉር ላስቲክ ነው።

እትዬ መርፌ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ ከአሮጌ አንሶላ ኪስ ቆርጠው እዚያው ሰፉላት። ልጅቷ ልብሱን ለብሳ ላስቲኩን ኪሱ ውስጥ ከተተች፤ እጇን ከኪሷ ሳታወጣም እንቅልፍ ወሰዳት።

በማግስቱ ክፍሉ በሙሉ «ለኔስ?» ይል ጀመር። ዋናዋ ነርስ ይህን ስትሰማ ተቆጣች።

«የሆስፒታል ንብረት ነው እኮ! ማን ፈቀደልዎት?»

«ማንም። ሲያለቅሱ ዝም ማለት አልቻልኩም» አሉ እትዬ መርፌ።

ዋናዋ ነርስ ጥላቸው ሄደች። ሳምንት ሳይሞላ ግን አንድ ጣቃ ጨርቅ አስይዛ መጣች። «ሁሉም ባለ ኪስ ይሁን» አለች፤ ፊቷን እንኳ አልፈታችም።

ልጅቷ በወሯ ድና፣ እናቷ ላይ ተንጠልጥላ ወጣች። ከዚያ ወዲያ ልብሱ ከመታጠቡ በፊት ኪስ መፈተሽ የእትዬ መርፌ ሥራ ሆነ። ቁልፍ፣ የዳቦ ቅርፊት፣ የወለቀ ጥርስ ይገኝ ነበር፤ አንዴማ በሕይወት ያለ ጥንዚዛ ወጥቶ አጣቢዋን አስጩኋታል።

አሁን ቤታቸው ተቀምጠው ያንን ሲያስታውሱ ብቻቸውን ይስቃሉ። «ደሞዙስ ይቅር» ይላሉ ለጎረቤታቸው፤ «እነዚያን ኪሶች አንድ ቀን እንኳ ደግሜ በፈተሽኳቸው!»