በረዶ ያልነካው ገብስ

ነገሩ የሆነው ስማርት ስልክ ንፋስ መውጫ ከተማ ላይ ገና ብርቅ በነበረበት ሰሞን፣ በወርኃ መስከረም ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። እኔ ግን ዛሬም ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ሲጠቁር ደጅ መውጣት እፈራለሁ። የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ በረዶ እንዴት እንደሚፈጠር በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ አስተምራለሁ። ማወቄ ግን ከፍርሃት አላዳነኝም።

ጓደኛዬ ሙሉቀን ከተማው ውስጥ ሞባይል ይጠግን ነበር። ተወልዶ ያደገው ባሕር ዳር ነው። ለመንገድ ሥራ የመጣ አንድ የውጭ አገር ሰው ስልኩን ሊያሠራ ሲመላለስ አንድ ጨዋታ አስተማረው። አንዱ ሰው ትንንሽ ዕቃ በጣሳ አድርጎ የሆነ ቦታ ይደብቃል፤ ስልኩ ቦታውን በቁጥር ይይዝለታል፤ ሌላው ቁጥሩን ተቀብሎ በራሱ ስልክ እየተመራ ሄዶ ይፈልገዋል። ይኸው ነው። ሙሉቀን ይህን ከሰማ ወዲያ ሌላ ወሬ ጠፋው።

ክረምቱን ሙሉ ሻይ ቤት ተቀምጠን ስናቅድ ከረምን። እሱ አንድ ይደብቃል፣ እኔ አንድ፤ ከዚያ ቁጥር ተለዋውጠን ቀድሞ ያገኘ ያሸንፋል፣ የተሸነፈ ምሳ ይጋብዛል። ቦታው አጎቴ አለሙ የሚኖርበት ገጠር እንዲሆን ተስማማን። ቀኑ ደግሞ የመስከረም ማርያም። ያን ዓመት እሑድ ላይ ነበር የዋለችው፤ እኔም ሥራ የለኝም፣ ገበሬውም ማሳ ላይ ስለማይውል የሚያየን አይኖርም ብለን ነው። ለዚህ ጨዋታ ከዚህ የባሰ ቀን በዓመቱ ውስጥ አልነበረም።

በዋዜማው አጎቴ ቤት አደርን። አጎቴ አለሙ ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈ፣ ሰው ፊት ድምፁን ከፍ የማያደርግ ገበሬ ነበር። ባለፈው ዓመት አዝመራው ከድቶት ቤተሰቡ ክረምቱን ያለፈው እየተበደረ ነው። ዘንድሮ ግን ከቤቱ ፊት ለፊት ያለው ገብስ አምሯል። ሙሉቀን ሲያደንቅለት "ተመስገን በል፤ ገና ጎተራ አልገባም" አለው።

ጠዋት እኔና አጎቴ ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንነሣ ሙሉቀን "አንተ እንዳታይ እኔ የኔን ልደብቅ" ብሎ ቀረ። እኔ የራሴን ጣሳ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ድንጋይ ካብ ውስጥ ሸጎጥኩት። እሱ ግን ከቤቱ ጀርባ ዶማ አገኘ። ማሳው ዳር ካለው ጥድ ሥር ቆፍሮ እስክሪብቶ፣ የቁልፍ መያዣና ማስቲካ ያለበትን የዱቄት ወተት ጣሳ ቀበረ።

እኛ አገር በበዓል ቀን መሬት በብረት አይነካም። በዓል የሻረ ሰው በራሱ ላይ ብቻ አይደለም መዓት የሚያመጣው፤ በረዶው በደብሩ አዝመራ ሁሉ ላይ ነው የሚወርደው ይባላል። ይህን ማንም ለማንም አይነግርም፤ ከእናት ጡት ጋር የሚጠባ ነገር ነው። የባሕር ዳር ልጅ ከየት ያምጣው?

ከማሳው ግርጌ ካለችው ወንዝ ማዶ የምትኖር፣ እትዬ ደብሬ የምትባል ባሏ የሞተባት ጎረቤት ውኃ ቀድታ ስትመለስ አየችው። እንግዳ ነው ብላ ሳትከለክለው አለፈች።

ከሰዓት በኋላ ስልካችንን አውጥተን ቁጥር ልንለዋወጥ ስንል ሰማዩ ከጉና ተራራ በኩል ጠቆረ። በረዶው ብዙም አልቆየም። ሲያባራ ብንወጣ ምድሩ ነጭ ሆኗል። የእትዬ ደብሬ ገብስ ከብት የተኛበት ሣር መስሏል። ከሷ በላይ ያሉትም እንደዚያው። በረዶው ግን ወንዟ ድረስ መጥቶ ቆመ። ከወንዟ ወዲህ ያለው የአጎቴ ማሳ አንድ ዛላ አልተሰበረበትም።

እኔ ደስ አለኝ። አጎቴ ግን ፊቱ ልውጥ አለ። "ምነው ከሰው ጋር በመታኝ" አለ ቀስ ብሎ። ያኔ አልገባኝም።

ብዙም ሳይቆይ እትዬ ደብሬ ጠዋት ያየችውን የነገረቻቸው፣ ዱላ የያዙ ወንዶች ግቢውን ሞሉት። "ቆፋሪው የታለ?" አሉ። ሙሉቀን ነገሩን በቀላሉ የሚያስረዳ መስሎት ስልኩን ይዞ እየሣቀ ወጣ። "ጨዋታ እኮ ነው! ቦታው እዚህ ውስጥ በቁጥር ተይዟል" ሲል ጭራሽ አባሰው።

"የምን ቁጥር? ምንድን ነው የቀበርኸው?"

አንዱ "አሁኑኑ ይውጣ!" ሲል ሌላው "በምን ቆፍረህ ልታወጣው? በዓሉ እንደሁ አልወጣ!" አለው። ሌላ ቀን ቢሆን በሣቅ እፈርስ ነበር። የመጀመሪያው ዱላ የሙሉቀን ትከሻ ላይ አረፈ። ሁለተኛውን በክንዱ ሲመክት አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ልገላግል ብገባ እኔንም ገፍትረው ጣሉኝ። የበረዶን ነገር በየዓመቱ የማስተምረው ሰውዬ አንዲት ቃል ከአፌ አልወጣም።

እትዬ ደብሬ ደረቷን እየደቃች "የሁላችን ተኝቶ የአለሙ ለምን ቆመ? እሱ ነው ያስቆፈረው!" አለች። ያን ጊዜ የሚገድሉት መሰለኝ፤ ሙሉቀንን፣ ምናልባትም አጎቴን።

አጎቴ አልተከራከረም። ወደ በረቱ ሄዶ መዝጊያውን አነሣና ከብቶቹን ወደ ገብሱ ነዳቸው። ከዚያ ዞሮ "የናንተ ተኝቶ የኔ አይቆምም። እናንተም ከብቶቻችሁን አምጡና ልቀቁበት። ይህን ልጅ ግን ተዉልኝ። ገብስ ተመልሶ ይዘራል" አለ። ያን ቀን ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት።

ሚስቱ ራሷን ይዛ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች። ከብቶቹ ሲግጡ ይሰማ ነበር። ዱላ የያዘ ሁሉ መሬት መሬት ያያል እንጂ ከብቱን ሊያመጣ የሄደ የለም። በመጨረሻ "ይብቃ! አያ አለሙ፣ በማርያም ይብቃ!" እያለች ማሳው ውስጥ ገብታ ከብቶቹን በነጠላዋ የምታባርረው ያችው እትዬ ደብሬ ሆነች። ግን ከብት የገባበት ገብስ ምን ይተርፋል።

ሙሉቀንን በቃሬዛ ተሸክመው ንፋስ መውጫ ጤና ጣቢያ ያደረሱት እነዚያው ሰዎች ናቸው። የመታው ሰው ከፊት በኩል ነበር የተሸከመው። የሙሉቀን ክንድ ድኗል፤ ጣቶቹ ግን እንደ ድሮው ጥቃቅን ነገር መያዝ ስላልቻሉ ጥገናውን ትቶ ባሕር ዳር ገባ።

አጎቴ ጎተራው ባዶ ስለሆነ በዚያ ዕድሜው ሰሊጥ ለማጨድ ሑመራ ወረደ። ወባ ይዞ ተመለሰ። ወባው በየክረምቱ እየተነሣ ሲጥለው ቆይቶ በሦስተኛው ገደለው። አንድ ቀን እንኳ ስለ ጣሳው አንሥቶብኝ አያውቅም። ለቅሶው ላይ እትዬ ደብሬን ማባበል አልተቻለም።

ማንን እንደምቆጣ እስካሁን አላውቅም። በረዶውን? በረዶ ምን ያውቃል። ሰዎቹን እንዳልቆጣ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፤ ያን ዓመት ልጆቻቸው ምን እንደበሉም አውቃለሁ። አጎቴን ግን እናፍቀዋለሁ፤ ስለዚያ ቀን ሳላመሰግነው መቅረቴም ያንገበግበኛል።

ሙሉቀን በየዓመቱ ለመስከረም ማርያም ይደውልልኛል። ስለ ክንዱ አያወራም። እንኳን አደረሰህ ከተባባልን በኋላ "የጋሽ አለሙ ገብስ ዘንድሮ እንዴት ነው?" ይለኛል። አጎቴ ከሞተ ወዲህ ሚስቱ የሚያርስላት አጥታ ማሳው ላይ ባሕር ዛፍ ከተከለች ቆይታለች። ይህን ልነግረው አንጀቴ አልችል አለ። "አምሯል" እለዋለሁ።