ለናፖሊ ባሕር ዳርቻ ዶሮ ወጥ

ዛሬ እማዬ ጣሊያን፣ ናፖሊ ለሚኖሩት የአጎቷ ልጅ ለእትዬ አልማዝ በስልክ «ለቅሶ የለም! የዋና ልብስሽን ይዘሽ ነይ!» ስትላቸው፣ አባዬን የሚጠጣው ውሃ ትን አለው።

ለእረፍት የምንሄደውን የመርከብ ጉዞ የመረጠችልን ባለፈው ዓመት ያረፈችው እህቴ ሄለን ናት። ናፖሊ ላይ የተመኘችው እግሯን ባሕር ውስጥ ነክራ አይስክሬም መብላት ብቻ ነበር።

ትምህርት እንደተዘጋ እንሄዳለን። ግን እትዬ አልማዝ «ለቅሶ ሳልደርሳችሁማ አትመለሱም» ብለው ቤታቸው ሰው ጠርተዋል። መርከቡ እኮ የሚቆመው አንድ ቀን ነው!

«ታዲያ የሄለንን ቀን በለቅሶ ልንጨርሰው ነው?» አልኳት እማዬን።

ያኔ ነው ስልኩን አንስታ እንዲያ ያለቻቸው።

እትዬ አልማዝም «እሺ፣ ባሕሩ ዳር እንገናኝ። ግን ዶሮ ወጥ ሳልይዝ አልመጣም» አሉ።

ሄለን ብትሰማ በሳቅ ትፈርስ ነበር።

የእናንተስ ዘመዶች ሽርሽራችሁ ላይ ምን ይዘው መጡ?