የማን ወገን ደም

እናቴ ለሁሉም ነገር ብዙ መልስ አላት፤ ለእኔ በሽታ ግን መልሷ አንድ ብቻ ነበር። «የአባትህ ወገን ነው» ትላለች።

በሽታው ደሜ ቶሎ አለመርጋቱ ነው። ሌላው ሰው ጣቱ ሲቆረጥ ጥቂት ይደማና ይቆምለታል። የእኔ ደም መጀመር እንጂ ማቆም አያውቅበትም። የሚከፋው ደግሞ የማይታየው ነው። ምንም ሳልመታ ጉልበቴ ውስጥ ይደማና እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። በልጅነቴ ይህን የሚያውቅ አልነበረምና እናቴ ወለምታ መስሏት ስሙ የተጠራ ወጌሻ ዘንድ ወሰደችኝ። ወጌሻው ቅቤ ቀብቶ እስኪደክመው አሸኝ። በማግስቱ ጉልበቴ እጥፍ ሆነ። እናቴም የሰውየው እጅ ከባድ ነው ብላ ሌላ ወጌሻ ፈለገች። ቁስል ሲሆን ደግሞ መድኃኒቷ የቡና ዱቄት ነው። የወተት ጥርሴ የወለቀ ጊዜ አፌ ውስጥ የታጨቀው ቡና ለሠፈሩ ሁሉ ይበቃ ነበር።

የበሽታውን ስም ያወቅነው አዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ከሄድን በኋላ ነው። ሐኪሙ እናትና አባቴን አስቀምጦ በቀስታ አስረዳቸው። ወንድ ልጅ ይህን በሽታ ከአባቱ አይወርስም። እናት ራሷ ሳትታመም ትሸከመዋለች፤ ለወንድ ልጇ ልታወርሰው ትችላለች፤ ሴት ልጇም እንደ እሷ ተሸካሚ ልትሆን ትችላለች። እናቴ ራሷን እየነቀነቀች አዳመጠች። አዳማ ቤታችን ደርሰን ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ለጎረቤታችን፣ «ሐኪሙም ያለው ያንኑ ነው፤ የአባቱ ወገን ነው» ስትል ሰማኋት።

አባቴ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር የሚያመላልስ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ወገኖቹ አዳሚ ቱሉ ያሉ ገበሬዎች ናቸው። ማጭድ ሲቆርጣቸው በጨርቅ ጠቅልለው አጨዳቸውን የሚቀጥሉ አጎቶች አሉኝ። እናቴ ለበዓል ስንሄድ እነሱኑ በገዛ ቤታቸው፣ «እናንተ ያመጣችሁት ደም ልጄን ፈጀው» ትላቸዋለች። እነሱም «ቶሌ፣ እሺ» ብለው ይስቁና ወተት ይቀዱላታል። አባቴ ምንም አይልም። እሷ የመንዝ ዘሯን መቁጠር ስትጀምር ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጋል።

እኔም ኑሮዬን ለመድኩት። ኳስ መጫወት ስለተከለከልኩ በሠፈራችን ተቀምጦ የሚያጫውት ብቸኛው ዳኛ ሆንኩ። ፀጉር አስተካካዬ ምላጭ እንዳነሳ ስለ ደሜ ነገርኩት፤ ከዚያ ወዲህ ወንበሩ ላይ ስቀመጥ መጀመሪያ እሱ ያማትባል። ባጃጅ ስሳፈር እናቴ ሹፌሩን «ቀስ በል፣ ዕቃው ተሰባሪ ነው» ትለዋለች። ዕቃው እኔ ነኝ፤ ያውም ከዘራ የያዝኩ፣ ጺሜን ያበቀልኩ።

እህቴ ስትታጭ የወንዱ ወገን ሽማግሌዎች እንደ ወጉ ዘር ጠየቁ። የእጮኛዋ አባት፣ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚነግዱ የተከበሩ ሰው፣ ከዘራዬን አይተው፣ «ይህ ልጅ ምን ሆኖ ነው?» አሉ።

 እናቴ ዓይኗን ሳታሽ፣ «የአባቱ ወገን ነው። ወንድ ለወንድ የሚያወርሰው ነው፤ ሴት ላይ አይደርስም። ልጄ ንጹሕ ናት» አለቻቸው። ጓዳ ተከትያት ገብቼ እህቴ ትመርመር ስላት፣ «ሰርግ ልታፈርስ ነው?» ብላ የወጥ ጭልፋ አነሳችብኝ። እህቴም የምትሰማው እሷን ነው። ሰርጉ ተበላ፣ ተጠጣ፣ ተጨፈረ።

ባለፈው ዓመት እህቴ ወንድ ልጅ ወለደች። በስምንተኛው ቀን ሊገረዝ፣ ገራዡ ነርስ አማቶቿ ቤት ድረስ ተጠርቶ መጣ። እኔም ከእናትና ከአባቴ ጋር ሄድኩ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም ነበርና ገና እንደተቀመጥን ተናገርኩ። «መጀመሪያ ይመርመር። ደሙ እንደ እኔ ከሆነ እዚሁ እጃችሁ ላይ ይሞታል» አልኩ።

የባሏ አባት አልተቆጡም። «እግዚአብሔር ይማርህ ልጄ፤ ፍርሃትህ ይገባኛል። ግን ይሄ ነገር በሽምግልናው ጊዜ አልቋል። ወንድ ለወንድ ነው የሚያወርሰው ብለው የነገሩን እናትህ ናቸው። የሕፃኑ አባት ደግሞ ይኸው፣ እንደ በሬ ጤነኛ ነው» አሉ።

የሚያናድደው፣ ሰውየው በደንብ ያሰቡ መሆናቸው ነው። የተሰጣቸው ነገር ብቻ ነው ውሸት። የሐኪሙን ቃል ብነግራቸው፣ የበሽተኛ ፍርሃት ነው ብለው በሐዘኔታ ያዩኛል። ወደ እናቴ ዞርኩ። አንገቷን ደፍታ የነጠላዋን ጥለት ትቆጥራለች። ነርሱ ጓንት አጠለቀ። እህቴ ልጁን ፈታችው፤ ቀይ፣ የተጨማደደ፣ በዓለም ላይ የተናደደ ልጅ ነበር። እኔ ከዘራዬን ይዤ ተነሳሁ፤ ተነስቼ ምን እንደማደርግ ግን አላውቅም ነበር።

«ተው የኔ ልጅ፤ እጅህን ከሕፃኑ አንሳ» አለች እናቴ።

ነርሱ ቆመ። እናቴ ማንንም ሳታይ ቀጠለች።

«ከእኔ ነው። የባለቤቴ ወገን ምንም የለበትም። ወንድም ነበረኝ፤ በስምንተኛው ቀን ተገረዘ፣ ደሙ እንቢ ብሎ ሲፈስ አድሮ ሞተ። ቡዳ በላው አሉ። እኔም ቡዳ ነው ስል ኖርኩ። ግን አላመንኩትም። ይኼን ልጄን ስወልድ ፈራሁ፤ ታሟል እያልኩ ከቀን ቀን አሳለፍኩት። የተገረዘው አድጎ፣ ሐኪሞቹ ደሙን ካወቁት በኋላ፣ በመድኃኒት ነው። ስምንተኛው ቀን ላይ አስገርዤው ቢሆን ዛሬ እዚህ አይቆምም ነበር።»

ይህን ሰምቼ አላውቅም። ዕድሜዬን ሙሉ ስስቅባት የኖርኩት ሴት፣ ገና ሐኪም ሳያየኝ፣ ለማንም ሳትናገር፣ ብቻዋን ፈርታ አትርፋኛለች።  ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ።

 የባሏ አባት ይቆጣሉ ብዬ ነበር፤ ሽምግልናን መዋሸት ቀላል ነገር አይደለም። እሳቸው ግን ወደ ነርሱ ዞረው፣ «ዕቃህን ሰብስብ» አሉት። ለእናቴ ደግሞ ወንበራቸውን ለቀቁላት።

ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ሦስታችንም ከኋላ ተጣብበን ተቀመጥን። እናቴ ሹፌሩን ቀስ በል ማለቱንም ረስታዋለች። ትንሽ እንደሄድን አባቴን፣ «አንተስ? ሐኪሙ ሲናገር ሰምተሃል። ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አልክ?» አለችው።

«ስለ ወንድምሽ እናትሽ ነግረውኛል» አላት። «አንቺ ልታነሺው እንደማትችይ አየሁ። የእኔ ወገን ደግሞ ብዙ ነው፤ ተካፍለን ቻልነው።»

እናቴ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። ያኔ ነው ያለቀሰችው።

የምርመራው ውጤት ከአዲስ አበባ የመጣው ከክርስትናው በፊት ነው። ልጁ እንደ እኔ ነው። እህቴ ልጇን ታቅፋ፣ እኔን ከነከዘራዬ እያየች አለቀሰች፤ ለእኔ ማዘኗ ይሁን ለልጇ አላውቅም። እናቴ ገብታ አጠገቧ ተቀመጠች፣ ሕፃኑን ከእጇ ወሰደችና ጉልበቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች።

«በይ እንባሽን ጥረጊና ተማሪ» አለቻት። «መጀመሪያ፣ ወጌሻ የሚባል ሰው በዚህ በር እንዳይገባ።»