ለእጅ የተነሣ ራጅ

አሠልጣኝ ወልደአረጋይ አላዋቂ አልነበረም። በእርሱ ላይ ያለው ክስ የሚጀምረውም ከዚህ ነው።

በ2002 ዓ.ም. ክረምት ካዛንቺስ ውስጥ ታዳጊ ሴቶችን እግር ኳስ የሚያሠለጥን፣ በዲፕሎማ የተመረቀ፣ ሰፈሩ ቆሞ የሚያሳልፈው የስፖርት መምህር ነበር። ከተጫዋቾቹ ረጅሟ ሀዊ ናት፤ ዕድሜዋ አሥራ አንድ። ከአሥራ ሦስት ዓመት በታች በሚደረገው ውድድር ሜዳ በገባች ቁጥር የጎረቤቱ የቡልጋሪያ ሰፈር ልጆች ከዳር ሆነው ይጮኹባት ነበር፦

«ማዘር፣ ልጆችሽን ለማን ጥለሽ መጣሽ?»

«ዕድሜ ቀንሳለች» የሚል አቤቱታ ሲቀርብ ወልደአረጋይ ወደ ክሊኒክ ወስዶ የእጇን አንጓ ራጅ አስነሣ። ሐኪሟ ፊልሙን ወደ ብርሃን አንሥታ በአጥንቱ ጫፍ አጠገብ ያለችውን ጥቁር መስመር አሳየችው።

«አጥንት የሚያድገው እዚህ ጋ ነው። ገና ለስላሳ ነው፤ ጉልበቷም ቁርጭምጭሚቷም እንዲሁ። አዋቂን ወለም ብሎት የሚያልፈው ነገር ልጅን እዚህ ላይ ሊሰብራት ይችላል።»

«ስለዚህ ልጅ ናት ማለት ነው?»

«ልጅ ናት።»

የተነገረው ሁለት ነገር ነው፤ ይዞ የወጣው አንዱን ብቻ። ፊልሙን በክለቡ ክፍል መስኮት ላይ ለጠፈው፤ ከሳሾቹም ዝም አሉ።

በፍጻሜው ጨዋታ ሳምንት ሀዊ ልምምድ ላይ ቀኝ እግሯ ታጠፈ። ቁርጭምጭሚቷ ጫማ እስከማይገባው ድረስ አበጠ። በማግሥቱ እናቷ ቡዜ ደግፋ አመጣቻት።

«ጋሼ፣ ለእጇ ራጅ አስነሥተውላት የለ? እግሯንስ?»

«የእጇ ለማስረጃ ነው፣ ወይዘሮ ቡዜ። ይሄ ወለምታ ነው፤ በቃ፣ ትታሽ።»

«ስታቃስት ነው እኮ ያደረችው።»

«ተጫዋች ወልደው እንቅልፍ ያምርዎታል?» ብሎ ሳቀ።

እርሱ የተማረ ነውና አመነችው። ሀዊ ታሸች፤ እግሯ በፋሻ ተጠፍሮ ለፍጻሜው ሜዳ ገባች፤ ጎልም አገባች። ዋንጫውን ከፍ አድርጎ የዞረው ወልደአረጋይ ነው።

እብጠቱ ጠፋ፤ የከፋውም እርሱ ነው። በዓመቱ ቡዜ የልጇ ቀኝ ጫማ በውጭ በኩል ብቻ እያለቀ መሆኑን አየች። ሌላ ገዛች፤ እርሱም እንደዚያው አለቀ። ከቁርጭምጭሚቷ በላይ፣ በውስጥ በኩል ያለው አጥንት ማደግ አቁሞ፣ የውጭው ብቻውን እያደገ እግሯን ወደ ውስጥ ያጣምመው ነበር፤ ያለ ሕመም፣ ያለ ድምፅ።

አዲሱን የእግሯን ራጅ ያየው የሆስፒታል ሐኪም ቃሉን መጥኖ ተናገረ፦ «ያኔውኑ በጄሶ ታስራ ዐርፋ ቢሆን የተሻለ ዕድል ነበራት።» አሁን አጥንቷ ተቆርጦ መቃናት አለበት። መቼ እንደሚቆረጥ ለመወሰን ምን ያህል እድገት እንደቀራት ማወቅ ፈለገ፤ ለማነጻጸሪያም የቀድሞውን የእጅ ራጅ ጠየቀ።

ቡዜ ወደ ክለቡ ሄደች። ወልደአረጋይ መስኮቱ ሥር ቆሞ ለአዲስ ወላጆች ፊልሙን በጣቱ ያሳይ ነበር።

«ይቺን ጥቁር መስመር አያችኋት? የልጅነት ማረጋገጫ ናት።»

«ጋሼ፣ ፊልሙን ሐኪም ፈልጎት ነው።»

«የክለቡ ንብረት ነው፣ ወይዘሮ ቡዜ።»

ከበስተኋላው፣ ሜዳው ላይ፣ አንዲት ልጅ ቁርጭምጭሚቷን ይዛ ቁጭ አለች። አባቷ ሊነሣ ሲል ወልደአረጋይ ፊቱን እንኳ ሳያዞር፣

«ወለምታ ነው» አለ።