የሊያን አሰልጣኝ ፍለጋ፦ ከሃውገንስቱዋ እስከ አየር ማረፊያው

ቀኑን በትክክል አላስታውሰውም። የእኛ ሚሌኒየም በተከበረ በዓመቱ ይሁን በሁለተኛው ዓመት እንጃ። ብቻ ኦስሎ ላይ የመጀመሪያው በረዶ ጥሎ፣ ቀልጦ፣ እንደገና የጣለበት ሳምንት ነበር። ቀኑ ቢጠፋብኝም መንገዱ አልጠፋብኝም፤ እስቲ በመንገዱ ልንገራችሁ።

ሃውገንስቱዋ፣ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል

የምንኖርበት የኦስሎ ዳርቻ ሰፈር ገና ጨለማ ነው። ለጸሎት ስነሣ የልጅ ልጄ ሊያ ወጥ ቤት ቁጭ ብላለች። ዓይኗ አብጧል። እናቷ ከሲከየሙ፣ አዛውንቶች ከሚጦሩበት ቤት፣ የሌሊት ሥራዋን ጨርሳ አልገባችም።

ሊያ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት። ቁመቷ የበሩን ጉበን ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው። ቅርጫት ኳስ ትጫወታለች፤ ሁለት የአሜሪካ ኮሌጆች «እኛ ጋ በነፃ ተማሪ፣ ለእኛ ተጫወቺ» ብለዋታል። አንደኛው ትልቅና ስመ ጥር ነው፤ ወረቀት በፖስታ ልኮ «እስከ ዓርብ ፈርመሽ መልሺ» አለ። ሁለተኛው ትንሽ ነው። ነገር ግን አሰልጣኟ፣ ካሮል የምትባል ሴት፣ ራሷ ውቅያኖስ አቋርጣ በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ቤታችን መጣች። ወጡን በእጇ በላች፤ ስንጨምርላት አልተግደረደረችም። ሊያን «የመጀመሪያውን ዓመት አብዛኛውን ጊዜ ተቀያሪ ወንበር ላይ ነው የምትቀመጪው፤ አልዋሽሽም» አለቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ልጅቷን ይሰጡኛል?» ብላ ጠየቀች። አስተርጓሚዋ ራሷ ሊያ ነበረች።

እኔም አባቴ እህቶቼን ለጋብቻ የሚጠይቅ ሽማግሌ ሲመጣ የሚለውን አልኩ፦ «እንመካከርበት፤ ሌላ ቀን ይመለሱ።»

ወጉ ይኸው ነው። ልጅ የሚጠይቅ ሰው በመጀመሪያው ቀን ምላሽ አያገኝም። ቶሎ ከሰጠህ ልጅቷ ቤት ያጣበበች ትመስላለች።

«አባባ፣ ለምን እምቢ አልክ?» አለችኝ ሊያ። እዚህ ያደጉ ልጆች ሽማግሌንም አንተ ይላሉ፤ ለምጄዋለሁ።

«መቼ እምቢ አልኩ?»

«ሌላ ቀን አልካት እኮ! እሷ ዛሬ ልትሄድ ነው። ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ ስትከት አላየህም?»

አይቻለሁ። እኔማ ለሁለተኛው ቀን ያስቀመጠችው መስሎኝ ነበር።

«አንቺ የምትፈልጊው እሷን ነው?»

«ያ» አለች፣ አዎ ማለቷ ነው። «እውነቱን የነገረችኝ እሷ ብቻ ናት። ግን ያላንተ ምርቃት አልሄድም። የቀራት አንድ ቦታ ነው፤ ዛሬ ለአንዲት የፊንላንድ ልጅ ትሰጠዋለች።»

የሴትዮዋ ስልክ የአሜሪካ ነው፣ እዚህ አይሠራም። ሊያ ፈተና አለባት፤ ብትቀር ዓመቱ ይበላሻል። ሆቴሉ ዋናው ባቡር ጣቢያ አጠገብ እንደሆነ ነገረችኝ።

«ወደ ሆቴሉ ልደውል?» አለች።

«ተይው። በአፍ የተበላሸ በፊት ለፊት ነው የሚቃናው» ብዬ ካፖርቴን አነሣሁ። ዳቦ በቡናማ አይብ በወረቀት ጠቅልላ ኪሴ ውስጥ ከተተችልኝ።

ባቡሩ ላይ

ግሩሩድ፣ ኒላንድ፣ አልና፣ ብሪን። በየጣቢያው ጥቁር ካፖርት ይገባል፣ ጥቁር ካፖርት ይወርዳል፣ ቃል የሚተነፍስ የለም። መስኮቱ ላይ የራሴን ፊት አያለሁ። የእኔ ኖርዌይኛ ትራም ስጠርግ የለመድኩት ነው፤ ከባልዲና ከመጥረጊያ አያልፍም። እንግሊዝኛ ደግሞ ጨርሶ የለኝም። ሄጄ ምን ልላት ነው? ይህን ሳስብ ነው ኢድሪስ ትዝ ያለኝ።

ግሮንላንድ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ከሩብ

ኢድሪስ ኤርትራዊ ወዳጄ ነው። በዚህ የኦስሎ መሃል ሰፈር ጤፍ፣ በርበሬ፣ ኮረሪማ የሚሸጥበት ጠባብ ሱቅ አለው። በወጣትነቱ ፖርት ሱዳን መርከብ ሲያራግፍ እንግሊዝኛ ለምዷል። ስደርስ የሽንኩርት ሣጥን ከመኪና እያወረደ ነው።

«ተሰማ! በዚህ ጠዋት ጤፍ አልቆብህ ነው ወይስ ሚስት ፈልገህ?»

«ምላሴ ያበላሸው ነገር አለ። ያንተን ምላስ ልዋሰው መጣሁ።»

ነገሩን ሳወራለት ሳቀ፣ ሳቀ፣ መጨረሻ ላይ የጤፉ ጆንያ ላይ ተቀመጠ።

«እናንተ የመሃል አገር ሰዎች እሺ ለማለት እንኳ ሦስት ቀጠሮ ትፈልጋላችሁ!»

«እናንተስ?»

«እኛማ አራት።»

ይህን ብሎ ሣጥኑን ወደ ውስጥ ገፋ፣ ሻይ የሞላ ፔርሙስ ብብቱ ሥር አደረገ፣ መዝጊያውን ጎትቶ ቆለፈው። ሱቁ በጣም የሚሸጠው ጠዋት እንደሆነ አውቃለሁ።

ሆቴሉ

ምንጣፉ ጫማ ይውጣል። እንግዳ ተቀባዩ ልጅ መዝገቡን አየና ለኢድሪስ አንድ ነገር ነገረው።

«ከግማሽ ሰዓት በፊት ወደ አየር ማረፊያ ሄዳለች» አለኝ ኢድሪስ።

ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። «በቃ፣ ያንተንም ጠዋት አጠፋሁብህ። እንመለስ።»

«ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ሽማግሌ የሄደበት ደጅ ሰው ቢያጣ ይመለሳል እንዴ? ወንዝ ይሻገራል እንጂ። ተነሥ!»

ወደ አየር ማረፊያው

ፈጣኑ ባቡር ለጡረተኛ ግማሽ ዋጋ ነው። ወንበሩ ለስላሳ፣ ሰዉ ሁሉ ሻንጣውን የታቀፈ። የሊያን ዳቦ ለሁለት ገመስነው፤ ሻዩ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይላል። ውጭው መንጋት ጀመረ፤ በረዶ የለበሰ ማሳ፣ ቀይ ጎተራ፣ ጥድ፣ ደግሞ ጥድ።

«ተሰማ፣ እውነቱን ንገረኝ» አለ ኢድሪስ። «ወግ ብቻ ነው? ወይስ ልጅቷ እንድትቀርልህ ፈልገህ ነው ሌላ ቀን ያልካት?»

የዳቦውን ወረቀት አጣጠፍኩ።

«ግማሽ ግማሽ» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ፤ ቀሪውን ሻይ ቀዳልኝ።

አየር ማረፊያው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ

የሰው ብዛት! እንዴት ትገኛለች ስል ኢድሪስ ክንዴን ጨበጠ። «ቀና በል» አለኝ። ከሰልፈኛው ሁሉ አንድ ክንድ ከፍ ያለ ሽበታም ራስ አየሁ። ካሮል ናት። ከፊቷ ሦስት ሰው ነው የቀረው።

ስታየኝ ደነገጠች። እኔ በአማርኛ፣ ኢድሪስ በእንግሊዝኛ፣ እየተቀባበልን ነገርናት። «ሌላ ቀን ማለት በእኛ አገር እምቢታ አይደለም። ባንድ አፍ የተሰጠች ልጅ የተናቀች ትመስላለች። ሁለተኛ የመጣ ግን ከልቡ የፈለገ ነው። እርስዎ ሩቅ ስለሚሄዱ ሁለተኛውን መንገድ እኔ መጣሁልዎ።»

ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች። «እኔ እኮ አያቷ አልወደዱኝም ብዬ ነበር። ይህ ሰልፍ እንዳለቀ ከሕዝብ ስልክ ለፊንላንዷ ልጅ ልደውል ነበር።» ከዚያ ከሰልፉ ወጣች። ሻንጣዋን አቁማ፣ የሱፍ ኮፍያዋን ከእጇ ወደ ኪሷ ከታ፣ ፊት ለፊቴ ቆመች።

«እንግዲያው ሁለተኛ ልጠይቅ» አለች። «ሊያን ይሰጡኛል?»

አባቴ ቢሆን የሚጠይቀውን ጠየቅሁ። «ያ ወንበር ላይ የምትቀመጥበት ዓመት፣ ሰው ሲጫወት እሷ ስታይ፣ ማን አጠገቧ ይሆናል?»

ኢድሪስ አስተረጎመ።

«እኔ። የእኔም ቦታ እዚያው ወንበር ላይ ነው» አለች።

ኢድሪስ ይህን ወደ አማርኛ መልሶ ስልኩን ከኪሱ አወጣ።

ለሊያ በኢድሪስ ስልክ ደወልን። ወደ ፈተናዋ አሁን ልትገባ ነው፤ ከኋላዋ የተማሪ ጫጫታ ይሰማል።

«አባባ? አገኘሃት? እሺ አልክ?»

በዚህ አገር ስኖር ሰው ሁሉ ሲለው እየሰማሁ እኔ ብዬው የማላውቀውን ቃል አልኩ።

«ያ።»

ስልኩ ውስጥ ጩኸት ሆነ። ከጆሮዬ አራቅሁት። ካሮል ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ፤ ሊያና እናቷ የሚፈርሙበትን ቦታ በጣቷ አሳየችኝ። በደረቴ ኪስ ከተትኩት። ተመልሳ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆመች። አንድ ቤተሰብ ሊያሳልፋት ቢል እንኳ አልፈለገችም፤ ከዚያው ሆና እጇን ታውለበልብልን ነበር።

መልስ

ኢድሪስ ሱቅ ውዬ ሃውገንስቱዋ ስወርድ ቀኑ መምሸት ጀምሯል፤ በዚያ ወቅት ከሰዓት በኋላ ብሎ ነገር እምብዛም የለም። ሊያ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እንዳዘለች ጣቢያው ላይ ትጠብቀኛለች። ጉልበቴን ልትስም ስታጎነብስ፣ ከዚያ ሁሉ ቁመት፣ ብዙ መንገድ ነው የወረደችው። እጄን ራሷ ላይ ጭኜ መረቅኋት። እንባ ቢጤ መጣብኝና በረዶው ነው አልኳት። ትልቁ ኮሌጅ የላከው ወረቀት ሳይፈረም መሳቢያ ውስጥ ቀረ።

አሁን ሰው ሊያ እንዴት ኮሌጅ እንደመረጠች ሲጠይቀኝ እሷው መረጠች እላለሁ፤ እውነትም ነው። እኔ በወግ አጥር ያጠርኩባትን በር ግን ብቻዬን አልከፈትኩትም። ያን ቀን ጧት ሦስት ደንበኞች በተዘጋ ሱቅ ደጃፍ ቆመው ተመልሰዋል አሉ። ቅር ያላቸው ካሉ ይቅር ይበሉኝ፤ ባለ ሱቁ አብሮኝ ወንዝ እየተሻገረ ነበር። ስሙ ኢድሪስ ነው።