ቅጠል የጨመርኩበት ባሕር ዛፍ

በስደት በምኖርበት ከተማ፣ የሐበሻ ነጋዴ በሞላበት ጀፕ ሰፈር ውስጥ ከሚታዩት የሱቅ ታፔላዎች ግማሹ የኔ እጅ ነው። የኛ ነጋዴ ደግሞ የተሣለለት ዳቦ ላይ ሰሊጡ አንድ በአንድ ካልታየው ታፔላውን አይረከብም። እኔም በዚህ ኮርቼ ራሴን ሠዓሊ እያልኩ ኖሬያለሁ።

ልጄ የሥዕል ትምህርት ቤት ለመግባት ስታመለክት፣ ለፈተናው አንድ ሥራ ይዘሽ ነይ አሏት። እሷ የመረጠችው የአንድ ሆላንዳዊ ሠዓሊን መንገድ ነው። መጽሐፍ ገልጣ አሳየችኝ፤ ወንዝ ዳር የቆሙ ዛፎች ናቸው። ቅጠል የሚባል የላቸውም ማለት ይቻላል፤ ግንዱና ቅርንጫፉ መስመር ወደ መሆን ተቃርቧል።

"አባዬ፣ ይሄ ቀደም ሲል የሣለው ነው። በኋላ ዛፉንም ትቶ መስመር ብቻ ቀረው" አለችኝ።

"ቀለም አልቆበት ይሆናል" አልኳት። አልሳቀችም።

ከከተማው ወጣ ብሎ ጀርሚስተን፣ ከማዕድን ጉድጓድ ተቆፍሮ የወጣው አፈር ክምር ሥር ያሉትን ባሕር ዛፎች ሁለት ወር ሙሉ በዚያው መንገድ ስትሥል ከረመች። እኔ ደግሞ ባሕር ዛፍ እየቆረጥኩ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ማን ያስተምረኛል? የሷ ሥዕል የተሰነጣጠቀ ግድግዳ ነው የሚመስለው። ፈተናው ሰኞ ሊሆን፣ ቅዳሜ እሷ ለቤተ ክርስቲያን ኳየር ልምምድ ስትወጣ፣ አንጀቴ አልችል አለ። ልጄ ያላለቀ ሥራ ይዛ ፈታኝ ፊት ትቁም? የታፔላ ቀለሜን አውጥቼ ዛፉን ሁሉ ቅጠል አለበስኩት። እጄ አላርፍ ብሎ አንዲት ላምም ጨመርኩበት። ጎረቤታችን ያሉት ሽማግሌ ገብተው አዩና "አሁን ገና ዛፍ ሆነ፤ ጌታ እጅህን ይባርክ" አሉኝ።

ልጄ መጥታ ቅጠሉን በጥፍሯ ፋቅ ፋቅ አደረገችው። የታፔላ ቀለም አንዴ ከደረቀ እንደማይለቅ ያስተማርኳት እኔው ነኝ።

"አባዬ፣ አልቆ ነበር እኮ" አለችኝ።

ጮኻ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሰኞ ባዶ እጇን ሄደች፤ ሥራ ያላመጣ አይፈተንም ብለው መለሷት።

ቤተ ክርስቲያናችን ለምኖኝ ሥዕሉ አዳራሹ ውስጥ ተሰቀለ። እሑድ እሑድ ሰዉ ይከበኝና "ጌታ ጸጋ ሰጥቶሃል" ይለኛል። እኔም፣ አፈር ልብላ፣ አሜን እላለሁ። ልጄ ሁለት ወንበር ኋላ ሆና ትሰማለች። ብሩሽ ከነካች ዓመት ሆኗታል።